የዱቤ መዝገቡ በምን ላይ ይቀመጥ? ለእንጅባራና ለዳንግላ የሚሆን ሰርቨር አመራረጥ

ከዳንግላ ወደ እንጅባራ በሚወስደው አስፋልት ግራና ቀኝ ከተደረደሩት የንግድ ቤቶች አንዱን በዓይነ ኅሊናችን እንመልከት። የሕንጻ መሣሪያ መደብር ነው እንበል። ሚስማር፣ ቆርቆሮ፣ ቀለምና ሲሚንቶ ይሸጣል። ሦስት ኮምፒውተሮች አሉት፤ አንዱ በመሸጫው፣ አንዱ በመጋዘኑ፣ ሦስተኛው በሒሳብ ሠራተኛዋ ጠረጴዛ ላይ ይገኛሉ። ባለቤቱ ቤት ለሚሠሩ ደንበኞቹ በዱቤ ይሰጣል፤ ማን ስንት እንደወሰደ፣ ስንት እንደከፈለና ስንት እንደቀረበት የሚመሰክረው መረጃ ደግሞ ከእጅ መዳፍ በማትበልጥ አንዲት ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል። ያቺ ሳጥን አንድ ማለዳ አልነሣ ብትል ቆርቆሮው ከመጋዘኑ አይጠፋም። ዕዳው ግን በተበዳሪው ኅሊና ላይ ብቻ ተንጠልጥሎ ይቀራል።

በዚህ ሙያ የተሰማሩ የቀድሞ ተማሪዎቻችን «የትኛውን ዲስክ እንግዛ?» እያሉ ይጠይቁናል። ጥያቄው የገበያ ጥያቄ ቢመስልም ግማሹ መልስ በፊዚክስ መጽሐፍ ውስጥ የሚገኝ ነው። የአካባቢው ከፍታ፣ የመብራቱ መቆራረጥ፣ የክረምቱ መብረቅና የከሰሉ ብናኝ ሁሉ በምርጫው ውስጥ ድምፅ አላቸውና።

አስቀድመን አንድ ነገር ግልጽ እናድርግ። ሰርቨር የሚባለው የተለየ ፍጡር አይደለም፤ ሌሎች ኮምፒውተሮች የጋራ መረጃቸውን የሚያኖሩበትና ሳይጠፋ የሚሠራ ኮምፒውተር ማለት ነው። «መረጃውን በኢንተርኔት ሩቅ ቦታ ማኖር አይሻልምን?» የሚል አይጠፋም። ይሁን እንጂ በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት እንደቆየ የምናስታውሰው ነው። የዕለት ሽያጩን ለመመዝገብ የሩቅ መስመር የሚጠብቅ መደብር በእነዚያ ወራት ምን እንደሚገጥመው መገመት አያዳግትም። ስለዚህ ዋናው መዝገብ በቤት ውስጥ ይሁን፤ የሩቁ ቅጂ መስመር ሲገኝ የሚታከል ይሁን እንላለን።

አሁን ወደ ከፍታው እንምጣ። እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,560 ሜትር፣ ዳንግላ ደግሞ ወደ 2,140 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛሉ። የአየሩ ግፊት በእንጅባራ የባሕር ወለሉን 73 በመቶ፣ በዳንግላ 77 በመቶ ያህል ነው። ውኃ በእንጅባራ በ91 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ የሚፈላውና የአገሩ ድንች ምድጃ ላይ የሚቆየው በዚሁ ምክንያት ነው። ይህ ስስ አየር ከሃርድ ዲስክ ጋር ምን አገናኘው?

በተለመደው ሃርድ ዲስክ ውስጥ መግነጢሳዊ ሽፋን ያላቸው ክብ ገበታዎች በደቂቃ 7,200 ጊዜ ይሽከረከራሉ። የገበታው ስፋት 95 ሚሊ ሜትር ያህል ነው ብለን ብናሰላ ጠርዙ በሰዓት ወደ 130 ኪሎ ሜትር ይበርራል፤ በዚያው አስፋልት ላይ ከሚሮጠው ሚኒባስ ይበልጣል ማለት ነው። መረጃውን የሚያነበውና የሚጽፈው ራስ ገበታውን አይነካም፤ ገበታው ይዞት በሚዞረው አየር ላይ ጥቂት ናኖ ሜትር ብቻ ከፍ ብሎ ይንሳፈፋል። የሰው ጸጉር ውፍረት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ናኖ ሜትር መሆኑን እናስታውስ። የሚገርመው፣ አንድ የአየር ሞለኪውል ከሌላው ጋር ሳይጋጭ የሚጓዘው አማካይ ርቀት በባሕር ወለል ወደ 70 ናኖ ሜትር፣ በእንጅባራ ደግሞ ወደ 90 ናኖ ሜትር ነው። ክፍተቱ ከዚህ ርቀት እጅግ ስለሚጠብ ሞለኪውሎቹ እርስ በርሳቸው ከሚጋጩ ይልቅ ከራሱና ከገበታው ጋር ይጋጫሉ። የሞለኪውሎቹ ቁጥር ሲያንስ የሚደግፈው ግፊት ይቀንሳል፤ ራሱም ወደ ገበታው ይጠጋል። ከነካው ገበታው ይፋቃል፤ መዝገቡም አብሮ ይፋቃል።

አብዛኞቹ አምራቾች ዲስካቸው እስከ 3,048 ሜትር (10,000 ጫማ) ድረስ እንዲሠራ ዋስትና ይሰጣሉ። ዘመናዊ ዲስኮች በራሱ ውስጥ ባለች ጥቃቅን ማሞቂያ አማካይነት ክፍተቱን ያስተካክላሉ። እንግዲህ እንጅባራ ከወሰኑ በታች ናት፤ የሚያሰጋ ነገር የለም። ያው ዲስክ ከ4,000 ሜትር በላይ በሆነው የጮቄ ተራራ አናት ላይ ቢተከል ግን ዋስትናው አይደርስለትም። ከእ.ኤ.አ. 2013 ጀምሮ ለገበያ የቀረቡት ሂሊየም የተሞሉ ዲስኮች ፍጹም የታሸጉ ስለሆኑ ከውጩ አየር ጋር ጉዳይ የላቸውም፤ ነገር ግን እነዚህ ትልልቅና ውድ ናቸውና ለሱቃችን አያስፈልጉም።

ሁለተኛው ዓይነት ኤስ.ኤስ.ዲ. የሚባለው ነው። የሚሽከረከር ነገር የለውም፤ መረጃው በጥቃቅን ክፍሎች ውስጥ በታጠሩ ኤሌክትሮኖች መልክ ይቀመጣል። የዚህ ዘዴ አባት ጃፓናዊው ፉጂዮ ማሱኦካ ሲሆን ሥራውን የሠራው በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነበር። ከፍታ አያስጨንቀውም፤ በፍጥነትም ቢሆን ውድድር የለም። በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚዞር ዲስክ ግማሽ ዙር ለመጠበቅ ብቻ ከ4 ሚሊ ሰከንድ በላይ ይፈጅበታል፤ ራሱ ወደ ቦታው እስኪደርስ ሲታከልበት ወደ 12 ሚሊ ሰከንድ ይሆናል። ይህም በሰከንድ ወደ 80 ጊዜ ብቻ ማንበብ ማለት ነው። ኤስ.ኤስ.ዲ. ያንኑ በአንድ ሚሊ ሰከንድ አሥረኛ ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ይሠራዋል።

«በተጻፈበት ቁጥር ያልቃል» የሚለው ፍርሃት እውነትነት አለው፤ ሆኖም እናስላው። 300 ቴራባይት ጽሑፍ እንዲሸከም ዋስትና የተሰጠው ዲስክ በቀን 20 ጊጋባይት ቢጻፍበት 15,000 ቀን፣ ማለትም ከ40 ዓመት በላይ ይቆያል። መደብራችን ደግሞ በቀን 500 ሽያጭ ቢመዘግብና እያንዳንዱ 2 ኪሎባይት ቢይዝ የቀኑ መዝገብ 1 ሜጋባይት ነው። የአሥር ዓመት ሒሳብ ቢደመር 4 ጊጋባይት አይሞላም። ለዚህ ሥራ ግዙፍ ዲስክ መግዛት አንድ ኩንታል ጤፍ ለማስቀመጥ መጋዘን እንደ መከራየት ነው። በጥር ወር የሠርግ ፎቶና ቪዲዮ የሚያነሣ ስቱዲዮ ግን ነገሩ ሌላ ነው። አንድ ሠርግ 50 ጊጋባይት ቢፈጅ አርባ ሠርግ 2 ቴራባይት ይሆናል፤ እዚህ ላይ ርካሹ ሃርድ ዲስክ ተገቢ ቦታውን ያገኛል። ስቱዲዮው ሲገዛ ግን አንድ ነገር ይጠይቅ፦ አንዳንድ ዲስኮች ብዙ መረጃ ለመያዝ ሲባል የጽሑፍ መስመሮቻቸው እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ ተደራርበው የተሠሩ ናቸው። አንዱን መስመር ለመቀየር ጎረቤቶቹን እንደገና መጻፍ ስለሚያስፈልግ ለሰርቨር ሥራ እጅግ ይዘገያሉ።

የኤስ.ኤስ.ዲ. እውነተኛ ጠላት መብራት ነው። ዲስኩ የትኛው መረጃ የት እንዳለ የሚያሳይ ካርታ አለው፤ የካርታው አዲስ ክፍል ለጊዜው በጊዜያዊ ማኅደር ይቆያል። መብራቱ በዚያች ቅጽበት ከጠፋ ካርታው ይጎድላል፤ አንዳንዴም ዲስኩ ጨርሶ አይታወቅም። ለሰርቨር የተሠሩት በውስጣቸው ካፓሲተሮች አሏቸው። ተማሪዎቻችን በክፍል የሚያሰሉት የካፓሲተር ኢነርጂ እዚህ ላይ ሥራ ይዟል፤ የቀረውን መረጃ ለመጻፍ የምትበቃ ቅንጣት ጊዜ ይሰጣል። ልዩነቱ ዋጋውን ከፍ ያደርገዋል፤ የምንመክረው ግን ይህንን ነው፤ በመጠን ላይ የሚወጣው ብር እዚህ ላይ ይዋል።

ዩ.ፒ.ኤስ. ደግሞ ግዴታ ነው። በትንሹ ዩ.ፒ.ኤስ. ውስጥ የሚገኘው ባለ 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ 84 ዋት ሰዓት ይይዛል። 50 ዋት የሚወስድ ሰርቨር በወረቀት ላይ 100 ደቂቃ ይሠራል፤ በተግባር ግን በኃይል ብክነቱና በባትሪው ጠባይ ምክንያት ከዚያ ከግማሽ በታች ነው። ይህ ይበቃል፤ ዓላማው እስከ ማታ መሥራት ሳይሆን በሥርዓት መዝጋት ነውና። ዩ.ፒ.ኤሱን ከሰርቨሩ ጋር የምታገናኘው የመረጃ ገመድ በብዙ ቦታ ከነላስቲኳ ካርቶን ውስጥ ቀርታ እናያለን፤ ማሽኑ ባትሪው ሳያልቅ ራሱን እንዲዘጋ የምታደርገው እርሷ ነች። የእርሳስ ባትሪ ዕድሜ ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር በግማሽ ያህል ስለሚቀንስ የእንጅባራ ብርድ ለዚህ ዕቃ በረከት ነው። ክረምት ላይ ግን መብረቅ አለ። በመደብሩና በመጋዘኑ መካከል በግቢ የተዘረጋ የመዳብ ኔትወርክ ገመድ በአቅራቢያ የወደቀን መብረቅ ቮልቴጅ ይዞ ይገባል፤ በዚያ መካከል የመስታወት ፋይበር ቢዘረጋ ፋይበሩ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። የመሬት ማስያዣው ዘንግም በወጉ ይተከል።

ስለ ብናኝ ባጭሩ እንናገር። አዊ በዲከረንስ ዛፍና በከሰሉ የታወቀ ነው። ከሰል ካርቦን ነው፤ ካርቦን ደግሞ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ከከሰል መጫኛ አጠገብ ያለ ሱቅ ሰርቨሩን ከወለል ከፍ አድርጎ ያስቀምጥ፤ ማጣሪያውንም ያጽዳ። ማራገቢያው የሚገፋው አየር በከፍታው ምክንያት የሳሳ ስለሆነ የሚወስደው ሙቀትም ያንሳል፤ በአቧራ ከታፈነ ደግሞ ይብስበታል።

ከጠፈር የሚመጣ ጨረር የማኅደርን ቢት ሊገለብጥ እንደሚችልም ይታወቃል። በ1,600 ሜትር ከፍታ ላይ ባለችው ዴንቨር የኒውትሮኑ ፍሰት ከኒውዮርክ ከሦስት እጥፍ ይበልጣል። እኛ ከዴንቨር ከፍ ብንልም በምድር መግነጢሳዊ ወገብ አቅራቢያ ስለምንገኝ መስኩ የጨረሩን ከፊል ይመልስልናል። ስሕተት የሚያርም ማኅደር፣ ማለትም ኢ.ሲ.ሲ.፣ ያለው ማሽን ከተገኘ ይመረጥ፤ ካልተገኘ ግን ገንዘቡ አስቀድሞ ለዩ.ፒ.ኤሱ ይዋል።

ሁለት ዲስኮች አንድ ዓይነት መረጃ እንዲይዙ የሚደረግበት ዘዴ ሬይድ ከሚባሉት አንዱ ነው፤ ስያሜው የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1988 በበርክሊ ሦስት ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጽሑፍ ነው። አንዱ ሲሞት ሌላው ይቀጥላል። ነገር ግን ሠራተኛዋ በስሕተት የሰረዘችው ከሁለቱም ላይ ይሰረዛል፤ ቫይረስ ሁለቱንም ይይዛል፤ ሌባም ሳጥኑን አንድ ላይ ይወስዳል። ይህን የምንለው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። በውጭ ሀገር ለዶክትሬታችን ስንሠራ የአምስት ወር መለኪያችንን በሁለት ዲስኮች አኑረን ነበር፤ ሁለቱም በአንድ ማሽን ውስጥ ነበሩ። የማሽኑ ኃይል ሰጪ ሲቃጠል ሁለቱንም ይዞ ሄደ። ልኬቱን እንደገና ጀመርን።

ያገለገለ ዲስክ የሚገዛ ሰው ዲስኩ ስለራሱ የሚመዘግበውን ዘገባ አንብቦ የሠራበትን ሰዓትና የተተኩ ክፍሎችን ቁጥር ይይ። በዘገባው መተማመን ግን ልክ አለው፤ የጉግል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ከመቶ ሺህ በላይ ዲስኮችን መርምረው ከሞቱት ከግማሽ የሚበልጡት ዋና ዋናዎቹን የማስጠንቀቂያ ምልክቶች ሳያሳዩ እንደሞቱ አግኝተዋል።

ስለዚህ ለመደብራችን ካፓሲተር ያላቸው ሁለት መካከለኛ ኤስ.ኤስ.ዲ.ዎች በጥንድ፣ ሥርዓት ያለው ዩ.ፒ.ኤስ. እና ሁለት ርካሽ የውጭ ሃርድ ዲስኮች እንመርጣለን። የውጮቹ በየሳምንቱ ይፈራረቃሉ፤ አንዱ ቅዳሜ ማታ በባለቤቱ ከረጢት ወደ ቤት ይሄዳል፣ ሌላው ይመጣል። ለዚህ ተግባር ኤስ.ኤስ.ዲ. አንመርጥም፤ ያለ መብራት መሳቢያ ውስጥ ሲቆይ ኤሌክትሮኖቹ ቀስ እያሉ ያመልጣሉና። በወር አንድ ጊዜ ደግሞ የሒሳብ ሠራተኛዋ ከቤት የመጣውን ዲስክ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ትሰካውና የአንድ ደንበኛን የዱቤ ገጽ ከፍታ፣ በወረቀት ከታተመው ጋር በጣቷ እየተከተለች ታመሳክረዋለች።