«ቢኮዝ» ላይ የቆመ ድርሰት

አራት ኪሎ አንድ ኢንተርኔት ቤት ከጎኔ የተቀመጠች ልጅ ቶፍል ለሚባለው የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና ትለማመዳለች። የምትተይበው በሁለት ጠቋሚ ጣቶቿ ነው፤ አንዷን ፊደል ፍለጋ አንገቷን ደፍታ ኪቦርዱን ታስሳለች። ለጽሑፉ የተሰጠው 10 ደቂቃ አልቆ ስልኳ ሲጮህ ጽሑፉ «ቢኮዝ» ላይ ቆሟል። ምክንያቱ ሳይጻፍ ቀረ። «ሐሳቡማ አለኝ፤ ጣቴ ነው የማይደርስልኝ» አለችኝ። ቃሏ ሳምንቱን ሙሉ አልለቀቀኝም።

ለጽሑፍ ፈተና ሰዓት መቁረጥ ከክፋት የመጣ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1845 ቦስተን ውስጥ የትምህርት ተሐድሶ አራማጁ የሆራስ ማን ወዳጆች በቃል ፈተና ፋንታ የታተመ ጥያቄ ለተማሪዎች ሲያድሉ፣ ለየትምህርቱ አንድ ሰዓት ሰጡ። ሁሉም በአንድ ጥያቄና በእኩል ሰዓት ይመዘን፣ አድልዎ ይቅር ብለው ነው። እኩል ሰዓት ግን እኩል ዕድል አልሆነም። በ2005 የአሜሪካው የኮሌጅ መግቢያ ፈተና ኤስኤቲ የ25 ደቂቃ ድርሰት ሲጨምር፣ የኤምአይቲው የጽሑፍ መምህር ሌስ ፔረልማን የናሙና ድርሰቶችን መረመረ። ከፍተኛ ነጥብ ያገኙት ረጃጅሞቹ ነበሩ፤ የታሪክ ስሕተት ያለባቸው ሳይቀሩ። ድርሰቱ በ2016 በፍላጎት የሚወሰድ የ50 ደቂቃ ፈተና ሆነ፤ በ2021 ከመደበኛው ፈተና ቀረ። ቶፍል ደግሞ በ2023 የ30 ደቂቃውን ድርሰት አንስቶ፣ ቢያንስ 100 ቃል የሚጠበቅበት የ10 ደቂቃ ጽሑፍ ተካበት።

በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ያለፉ አንድ ጡረተኛ የእንግሊዝኛ መምህር የልጅቷን ነገር ስነግራቸው ዝም ብለው ቆዩ። «ጉባኤ ቃና የምትባለው ቅኔ ሁለት ቤት ናት» አሉኝ። «ለሁለቷ ቤት ዛፍ ሥር ተሸሽገን ስንቆጥር እንውል ነበር። ማታ የኔታ ‹ይህቺ አትሆንም› ካሉ እንደ አዲስ ነው።» ስለ ራሳቸው ክፍልም አልሸሸጉኝም፦ «ጎበዙን ልጅ የማውቀው በሚሰርዘው ነበር። ደወል ሲደወል ወረቀቱን ከእጁ እነጥቀዋለሁ፤ ቤቴ ገብቼ ሳየው ስርዙ ከጽሑፉ ይበዛል። ዜሮ የሰጠኋቸው ልጆች ዛሬም ፊቴ ድቅን ይላሉ።»

በቶፍል ተጨማሪ ሰዓት የሚፈቀደው በማስረጃ ለተረጋገጠ የአካል ጉዳት ወይም የጤና ችግር ነው። ኪቦርድ ሳይነካ ላደገ ልጅስ? አንድ የፈተና ኃላፊ «በኢሜይል ጠይቀን» አሉኝ። ሁለት ጊዜ ጻፍሁ፤ መልስ አላገኘሁም። በቶፍል ነጥብ የነፃ ትምህርት ዕድል ይገኛል፣ ያመልጣልም።

ፈተና የምታወጡ መምህራን፣ ሰዓቱን ከመወሰናችሁ በፊት ጥያቄውን ራሳችሁ ጽፋችሁ ሞክሩት። መልሶ ለማንበብ ደቂቃ ካልተረፋችሁ፣ ለልጆቹ ጨምሩላቸው።