«ማን ሠራው?»፡- የአራዳ አረጋውያን ጥያቄና የምግብ ሳይንስ

አንድ ወጣት የመጀመሪያ ደመወዙን በተቀበለበት ቀን ከፒያሳ ምግብ ቤቶች በአንዱ በርገርና የተጠበሰ ድንች አስጠቅልሎ፣ በፌስታል አንጠልጥሎ ወደ አያቱ ቤት ገባ እንበል። አያቲቱ አገላብጠው ስመው ከመረቁት በኋላ የተጠቀለለውን ፈታ አድርገው ተመለከቱና «ማን ሠራው ልጄ?» ሲሉ ጠየቁ። «ሆቴል ነው እማማ» አላቸው። እንዳይከፋው ቆረስ አድርገው ቀመሱና «ተባረክ፤ አንተ ብላው» ብለው ወደ እርሱ ገፋ አደረጉለት። ከዚያም ጠዋት የሠሩትን ሽሮ አሙቀው በእንጀራ በሉ። ወጣቱ ቅር አለው። «የድሮ ሰው አዲስ ነገር አይወድም» ሲልም በልቡ ደመደመ።

ውድ አንባቢ፣ ይህ ታሪክ የታሰበ ቢሆንም በአራዳና በፒያሳ አካባቢ ላደገ ሰው እንግዳ አይሆንበትም። ለመሆኑ የአያቲቱ ጥያቄ ከልማድ ብቻ የመነጨ ነውን? ወይስ ሳይንስ ዘግይቶ የደረሰበትን ዕውቀት በውስጡ ይዟል? በዚህ ጽሑፍ ጥያቄውን ከታሪክ፣ ከማይክሮባዮሎጂና ከሥነ ምግብ አንጻር እንመረምራለን።

ንጉሡ የከፈሉት ምሳ

ከቤት ውጭ የተሠራ ምግብን መጠራጠር በአራዳ ዛሬ የተጀመረ ነገር አይደለም። አዲስ አበባ በተቆረቆረች ጊዜ የከተማዋ ዋና ገበያ የሚውለው በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። ከየአገሩ የሚመጣው ነጋዴና እንግዳ ማረፊያና ምግብ ያስፈልገው ስለ ነበር፣ በእቴጌ ጣይቱ አሳቢነት በአገሪቱ የመጀመሪያው ዘመናዊ ሆቴል በዚያው በአራዳ ተሠራ። ይህ በ1898 ዓ.ም. እንደ ተመሠረተ የሚነገርለት ቤት ዛሬ ጣይቱ ሆቴል እያልን የምንጠራው ነው።

ይሁን እንጂ ሆቴሉ ሥራ ሲጀምር ተመጋቢ እንደ ልብ አልተገኘም። ሲወርድ ሲዋረድ እንደመጣው ታሪክ ከሆነ፣ መኳንንቱ ምግብን በገንዘብ ገዝቶ መብላትን እንደ ነውር ቈጠሩት። ስለዚህ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን አስከትለው ሄደው በሉ፤ ሒሳቡንም ከፍለው ለሌላው አርአያ ሆኑ ይባላል።

ነውር መስሎ የታየበት ምክንያት ግልጽ ነው። በዚያ ዘመን ሰው የሚበላው በቤቱ፣ በዘመዱ ቤት ወይም በጌታው ግብር ላይ ነበር። ምግብ የሚቀርብ እንጂ የሚሸጥ አልነበረም። ገዝቶ የሚበላ ሰው ቤትም ዘመድም የሌለው መሆኑን በአደባባይ እንደ መሰከረ ይቈጠር ነበር። «ከፍትፍቱ ፊቱ» የሚለው ብሂላችን የሚያስተምረውም ይህንኑ ነው፤ ከምግቡ ይልቅ የአቅራቢው ፊት ይበልጣል።

እዚህ ላይ አንድ መታለፍ የሌለበት ነገር አለ። በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ የአራዳ ገበያ ወደ ዛሬው መርካቶ እንዲዛወር ተደረገ። ፒያሳ የሚለው ስም፣ ፓስታው፣ መኮሮኒው፣ ሳልሳውና ማኪያቶው ግን ከጣሊያኖች ጋር ተመልሰው አልሄዱም። የዛሬዎቹ የአራዳ አረጋውያን በልጅነታቸው ፓስታ የበሉና በኬክ ቤቶች ደጃፍ ያደጉ ናቸው። ብዙዎቹ እናቶችም ፓስታውን ቤታቸው አስገብተው፣ በሽንኩርትና በበርበሬ ወጥ አድርገው የራሳቸው ምግብ አድርገውታል። እንግዲህ ወጣቱ «አዲስ ነገር አይወዱም» ሲል መሳሳቱ ከዚህ ይታወቃል። አረጋውያኑን የሚያሳስባቸው የምግቡ ባዕድነት ሳይሆን የሠሪው እጅ አለመታወቅ ነው። ጥያቄያቸውም ሲተነተን ሦስት ሆኖ ይገኛል፤ ማን ሠራው? መቼ ተሠራ? ምን ገባበት?

አንደኛ፡- ማን ሠራው?

ይህ ጥያቄ ሃይማኖታዊ ገጽታ አለው። በጊዮርጊስ ደወልና በቤኒን ሰፈር መስጊድ አዛን መካከል በሚኖር ሕዝብ ዘንድ ሥጋው በማን እጅ እንደ ታረደ፣ የጾም ምግቡ ሥጋ በተጠበሰበት ዘይት ተሠርቶ እንደሆነ ማወቅ ቀላል ነገር አይደለም። ከዚህ በተጨማሪ ግን ጥያቄው ሕክምናዊ ገጽታም አለው።

የታይፎይድ ተሕዋስ፣ ሳልሞኔላ ታይፊ፣ አንዳንድ ሰዎችን አሳምሞ ከዳኑ በኋላ በሐሞት ከረጢታቸው ውስጥ ለዓመታት ይኖራል። እነዚህ ሰዎች ጤነኛ መስለው ሳለ ተሕዋሱን በሰገራ ያስወጣሉ፤ እጃቸውን በሚገባ ካልታጠቡም ወደ ምግብ ያስተላልፋሉ። በኒውዮርክ ለባለጸጋ ቤተሰቦች ምግብ ታበስል የነበረችው ሜሪ ማሎን የዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ናት። በ1907 እ.ኤ.አ. ሲደረስባት በሠራችባቸው አብዛኞቹ ቤቶች ታይፎይድ ተከትሏት ይታይ ነበር፤ እርሷ ግን ሕመም አይሰማትም ነበር።

ሜሪ የምትሠራው በመኖሪያ ቤቶች ውስጥ እንደ ነበረ እናስተውል። ስለዚህ «ቤት» የሚለው ቃል ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ልዩነቱ በብዛት ላይ ነው። በቤት ውስጥ የሚፈጸም ስሕተት የአንድን ቤተሰብ ሆድ ሲያውክ፣ በምግብ ቤት ማእድ ቤት የሚፈጸም ስሕተት በአንድ ቀን በመቶ የሚቈጠሩ ሰዎችን ሊደርስ ይችላል። በሌላ በኩል ንጹሕ ውኃ፣ ሳሙና፣ ማቀዝቀዣና የሠለጠነ ሠራተኛ ያለው ምግብ ቤት፣ ውኃ በፈረቃ ከሚያገኝ ቤት የተሻለ ሊሆን እንደሚችል መካድ አይገባም።

ሁለተኛ፡- መቼ ተሠራ?

ተሕዋስያን የሚራቡት ለሁለት በመከፈል ነው። በሚመቻቸው ሙቀትና እርጥበት አንዳንድ ባክቴሪያዎች በየ20 ደቂቃው በእጥፍ ይበዛሉ። በዚህ ፍጥነት አንድ ባክቴሪያ በ4 ሰዓት ውስጥ 12 ጊዜ ተከፍሎ 4,096 ይሆናል። በ1,000 የጀመረ ምግብ ደግሞ በዚያው ጊዜ ከአራት ሚሊዮን በላይ ይዞ ይገኛል።

ለዚህ ዕድገት አመቺ የሆነው ሙቀት ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያለው ሲሆን፣ የምግብ ጠበብት «የአደጋ ቀጣና» ይሉታል። በፌስታል ታስሮ በታክሲ ወረፋ የሚጠብቅ ጥብስ በትክክል በዚህ ቀጣና ውስጥ ይገኛል። ትኩሱ ምግብ በእንፋሎቱ እየራሰ ቀስ በቀስ ሲቀዘቅዝ፣ ከማብሰል የተረፉ የባክቴሪያ ዘሮች ይነቃሉ። በሩዝና በመሳሰሉት ምግቦች የሚገኘው ባሲለስ ሴሬየስ የዚህ ዓይነት ነው። የሚያመነጨው አንዱ መርዝ ሙቀትን ስለሚቋቋም ምግቡን ደግሞ ማሞቅ አያጠፋውም።

ታዲያ አያቲቱ የሚመገቡት እንጀራ ለሁለትና ሦስት ቀን እንዴት ሳይበላሽ ይቈያል? መልሱ ከእርሾው ዘንድ ነው። የጤፍ ሊጥ በእርሾ ተቦክቶ ሁለት ሦስት ቀን ሲቈይ፣ እርሾዎችና ላክቲክ አሲድ የሚያመርቱ ባክቴሪያዎች ስኳሩን እየበሉ ሊጡን ያኮመጥጡታል፤ ፒኤቹም ወደ 4 እና ከዚያ በታች ይወርዳል። በሽታ አምጪ የሆኑ አብዛኞቹ ባክቴሪያዎች በዚህ አሲድ ውስጥ መራባት አይችሉም። በሊጡ ውስጥ የሚፈጠረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ በምጣዱ ላይ ዓይኑን ያወጣል። ከዚህም ሌላ መቡካቱ የብረትንና የዚንክን መዋሐድ የሚከለክለውን ፋይቲክ አሲድ ይቀንሳል። ይሁን እንጂ ሻጋታ አሲድን ስለሚቋቋም እንጀራ በመጨረሻ የሚሸነፈው ለሻጋታ ነው። ወጥ ግን የእንጀራን ያህል አሲድነት የለውም፤ ስለዚህ የእንጀራን ዕድሜ ለወጥ መስጠት ስሕተት ነው።

የአዲስ አበባ ከፍታም በዚህ ነገር ድርሻ አለው። ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል በሆነው በአራዳ የአየር ግፊቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ሥጋና ጥራጥሬ በቈላ ከሚፈጀው የበለጠ ጊዜ መፍላት ይኖርባቸዋል። እናቶቻችን ወጥን «ይብሰል፣ አትቸኩል» የሚሉት ያለ ምክንያት አይደለም።

ሦስተኛ፡- ምን ገባበት?

በቤት የሚሠራ ሰው ቢያንስ የጨመረውን ያውቃል። በጤፍ ዱቄትና በእንጀራ ላይ ጀሶ ወይም ሰጋቱራ ቀላቅሎ የመሸጥ ወንጀል በአዲስ አበባ በተለያየ ጊዜ ዜና ሆኖ ተሰምቷል። እንዲህ ያለውን የሰማ አረጋዊ ያልታወቀ እንጀራን ቢጠረጥር አይፈረድበትም።

ከማጭበርበር ባሻገር በሐቀኛ ምግብ ቤትም የሚያጋጥም ነገር አለ፤ እርሱም ደጋግሞ የተቃጠለ ዘይት ነው። ዘይት በከፍተኛ ሙቀት ሲደጋገምበት ከአየር ኦክስጅንና ከምግቡ ውኃ ጋር እየተዋሐደ ይፈራርሳል። ይጠቁራል፣ ይወፍራል፣ አረፋ ያበዛል፣ ቀድሞ በማይጨስበት ሙቀት ይጨሳል። ዓይንን የሚያቃጥለው ጢስ አክሮሊን የተባለ ውሁድ ያለበት ነው። ጨውም ሌላው ጉዳይ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት አንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው እንዲወስድ ይመክራል፤ ይህም ከአንድ የሻይ ማንኪያ አይበልጥም። ደም ግፊት ላለበት አረጋዊ የተጠበሰ ድንችና የታሸገ ሥጋ ይህን ወሰን በአንድ ገበታ ሊያስጨርሱት ይችላሉ።

የቤት ምግብ ሁሉ ንጹሕ ነውን?

እስከ አሁን ለአያቲቱ ፈረድን። ይሁን እንጂ ሳይንስ ለማንም አያዳላምና የቤቱንም ጓዳ እንመርምር።

በመጀመሪያ ጢሱ አለ። እንደ ዓለም የጤና ድርጅት ግምት በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ በቤት ውስጥ ጢስ ምክንያት በዓለም 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል። በእንጨትና በኩበት እንጀራ ስትጋግር የኖረች እናት ሳንባዋ ለዚያ «የእጅ ሙያ» ዋጋ ከፍሏል። የቤት ምግብን ስናወድስ ይህን የሴቶች ድካም መርሳት ግፍ ይሆናል። የኤሌክትሪክ ምጣድና ጢስ የሚቀንሱ ምድጃዎች በዚህ ረገድ ትልቅ እርምጃ ናቸው።

ሁለተኛው አፍላቶክሲን ነው። ይህ መርዝ የሚመነጨው በእርጥበት ከሚበቅል ሻጋታ ሲሆን ጉበትን ይጎዳል፤ ተራ ማብሰልም አያጠፋውም። በ1996 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ከአዲስ አበባ ከተሰበሰቡ የሽሮና የበርበሬ ናሙናዎች በከፊሎቹ ላይ ይህ መርዝ ተገኝቷል። ስለዚህ በርበሬን በደንብ ማድረቅና እርጥበት በሌለበት ማስቀመጥ የጣዕም ብቻ ሳይሆን የሕይወት ጉዳይ ነው።

ሦስተኛው የሚያድር ወጥ ነው። ድስቱን ከምድጃው አጠገብ አሳድሮ በማግሥቱ ለብ አድርጎ መብላት የተለመደ ነው። ለብ ማድረግ ግን ተሕዋስያንን መመገብ እንጂ መግደል አይደለም።

የአረጋውያን ገበታ

ጉዳዩ ለአረጋውያን ይበልጥ የሚከብደው ለምንድን ነው? በዕድሜ መግፋት የጨጓራ አሲድና የሰውነት የመከላከል ኃይል ሊዳከም ይችላል። ስለዚህ ወጣቱን ለአንድ ቀን የሚያስቀምጠው ተቅማጥ አያቱን ለሞት ሊያደርስ ይችላል። የጥም ስሜት ስለሚቀንስም ፈሳሽ ማጣቱ ሳይታወቅ ይከፋል። ማሽተትና መቅመስም ስለሚደክሙ፣ የተበላሸውን ለመለየት ያስቸግራል፤ ምግብም ይጣፍጥ ዘንድ ጨው ይጨመርበታል።

ከዚህ ጋር ጡንቻ ይሟሽሻል። ብዙ የሥነ ምግብ ጠበብት ለጤነኛ አረጋዊ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት ከ1 እስከ 1.2 ግራም ፕሮቲን ይመክራሉ። 50 ኪሎ የምትመዝን አያት ከ50 እስከ 60 ግራም ያስፈልጋታል ማለት ነው። አንድ እንቁላል የሚሰጠው 6 ግራም ያህል ብቻ ነው። ሽሮና ምስር ከጤፍ እንጀራ ጋር ጥሩ ጥምረት ናቸው፤ በእህል የሚያንሰውን ላይሲን ጥራጥሬው ያሟላዋልና። ነገር ግን ሲበሉ ነው። ብቻውን የሚበላ ሰው ደግሞ ጥቂት ይበላል።

በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ምክንያት የፒያሳ ሰፊ ክፍል ሲፈርስ ብዙ ነባር ነዋሪዎች ወደ ከተማዋ ሌሎች ክፍሎች ተዛውረዋል። ለአረጋውያኑ የተለወጠው ቤት ብቻ አልነበረም። ቡና የሚጠራራው፣ ወጥ የሚቀማመሰው፣ «ዛሬ ምን ሠራሽ?» የሚባባለው ጉርብትናም ተበትኗል። ይህም በሥነ ምግብ ሚዛን ሲታይ ራሱን የቻለ ጉድለት ነው።

ምን እናድርግ?

የዓለም የጤና ድርጅት በ2001 እ.ኤ.አ. ያወጣቸው አምስት የምግብ ደኅንነት ቁልፎች የሚከተሉት ናቸው፤ ንጽሕናን መጠበቅ፣ ጥሬውን ከበሰለው መለየት፣ በሚገባ ማብሰል፣ በተገቢው ሙቀት ማስቀመጥ፣ ንጹሕ ውኃና ጥሬ ዕቃ መጠቀም። አስተውለን ከተመለከትናቸው «ማን ሠራው? መቼ ተሠራ? ምን ገባበት?» ከሚለው ብዙ አይርቁም።

ስለዚህ ለአያትህ ምግብ ገዝተህ የምትሄድ ከሆነ ሲሠራ ከምታየው ቤት ግዛ። ከሁለት ሰዓት በላይ በመንገድ አታቆየው። ስትደርስም ለብ ሳይሆን እስኪፋጅ ድረስ፣ መካከሉ 70 ዲግሪ እስኪደርስ፣ አሙቀው። ጨውና ዘይት የበዛበትን ትተህ እንቁላል፣ ምስር፣ ዓሣ ወይም ለስላሳ ሥጋ ምረጥ። በጾም ከሆነም ጠይቀህ ግዛ።

ከሁሉ በላይ ግን ምግቡን አስቀምጠህ አትውጣ። እጅህን ታጥበህ አብረሃቸው ተቀመጥ። «ማን ሠራው?» ብለው ሲጠይቁህም አትቈጣ፤ የምታውቀውን ንገራቸው። በሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ ሽንኩርቱን አንተ ክተፍ፣ እርሳቸው ከመቀመጫቸው ሆነው ያዙህ። ያን ጊዜ ጥያቄው ሲቀርብ «እኔና እርስዎ ነን እማማ» ለማለት ትበቃለህ።