አሜባ ሁሉ በሽታ አያመጣም



ሆዳችንን ሲቆርጠን «አሜባ ነው» እንላለን። ነገር ግን አንጀት ውስጥ የሚኖር፣ ጉዳት የማያደርስ አሜባም አለ። አንዱ ኮላይ ይባላል። ታዲያ በምን ይለያል?

አሜባ በዓይን ብቻ አይታይም። የላቦራቶሪ ባለሙያው ትንሽ ዓይነ ምድር በስስ መስተዋት ላይ ያደርግና፣ አዮዲን ጠብ አድርጎ በማይክሮስኮፕ ያያል። አሜባው ቅርፊት ለብሶ ከተገኘ አስኳሎቹን ይቆጥራል። ያደገው ኮላይ ብዙውን ጊዜ 8 አስኳል አለው። ደም ተቅማጥ የሚያመጣው ሂስቶሊቲካ ግን ከ4 አይበልጥም። ዲስፓር የሚባለው ጉዳት የሌለው አሜባ ደግሞ ቁርጥ ሂስቶሊቲካን ስለሚመስል፣ በማየት ብቻ መለየት ያስቸግራል። የሚንቀሳቀሰው አሜባ ቀይ የደም ሕዋስ ውጦ ከታየ ግን የሂስቶሊቲካ ትልቅ ምልክት ነው።

ስለዚህ ሳትመረመሩ መድኃኒት አትዋጡ። ዓይነ ምድሩን በንጹሕ ዕቃ፣ ሽንት ሳይነካው፣ ቶሎ አድርሱ። ከዘገየ የሚንቀሳቀሰው አሜባ ይሞታል፤ አይገኝም። ደም ካያችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ፍጠኑ።

ኮላይ ብቻ ቢገኝባችሁም አትዘናጉ። እሱም የሚገባው ዓይነ ምድር በነካው ውሃና ምግብ ነው። በዚያው መንገድ ሂስቶሊቲካም ይመጣል። ውሃ አፍሉ፤ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ በሽንት ቤት ተጠቀሙ።