ከፊርማው ፎቶ ጀርባ

ጠጋ በሉማ፤ ጮክ ተብሎ የሚወራ ነገር አይደለም።

አጥቂ ወደ ውጭ ሲዛወር የሚለቀቀውን ፎቶ ታውቁታላችሁ። አዲስ ማልያ፣ ብዕር፣ ጠረጴዛ፣ ጥርሱ የማይከደን የክለብ ኃላፊ። እኔ ለዓመታት የቆምኩት ከዚያ ፎቶ ውጪ ነው፤ ፋይሉን ታቅፌ። የከሚሴ ልጅ ነኝ። ኦሮምኛና አማርኛውን ከቤት፣ ዓረብኛውን ከመድረሳ፣ እንግሊዝኛውን ከትምህርት ቤት ስለለቀምኩ "ነይ እስቲ፣ ይቺን ውል አንብቢልን" የሚለኝ አይጠፋም ነበር። ሳነብ ሳነብ አንድ ምስጢር ገባኝ። እሱን መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ፤ መጀመሪያ ኮልካታ ደርሰን እንምጣ።

ጥቅምት 2 ቀን 2007 ዓ.ም.፣ ሶልት ሌክ ስታዲየም። የህንድ ሱፐር ሊግ ገና መከፈቱ ነው። አትሌቲኮ ዴ ኮልካታ ከሙምባይ ሲቲ። በሊጉ ታሪክ የመጀመሪያዋን ጎል ያስቆጠረው ማን ይመስላችኋል? የእኛው ፍቅሩ ተፈራ! ከዚያ በፊት ከቅዱስ ጊዮርጊስ ተነስቶ ደቡብ አፍሪካ ለኦርላንዶ ፓይሬትስና ለሱፐርስፖርት ዩናይትድ፣ ቼክ ለምላዳ ቦሌስላቭ ተጫውቷል። ፊንላንድም ቬትናምም ደርሷል።

"ይህ ልጅ አንድ ቦታ አይረጋም" የሚሉ ነበሩ። እውነቱን ልንገራችሁ? ያ የመጀመሪያው የህንድ ውድድር ጥቅምት ላይ ተጀምሮ ታኅሣሥ ላይ አለቀ። አሥር ሳምንት ብቻ! ታዲያ አጥቂው ሻንጣውን ምን ብሎ ይፈታል? የፊንላንድ ሊግ ደግሞ በረዶው ሲቀልጥ ተጀምሮ ብርዱ ሳይመለስ ያልቃል። የአውሮፓ ትልልቆቹ የሚጀምሩት በእኛ ክረምት ነው። ዘዋሪ አጥቂ የሚኖረው በዚህ ስሌት ነው፤ አንዱ ሲዘጋ ሌላው ይከፈታል። እሑድ ሰንበቴ፣ ሰኞ ባቲ ገበያ የሚውል የእኛ አገር ነጋዴ ይህ ወዲያው ይገባዋል። ፍቅሩም በዓመቱ ለሌላው የህንድ ክለብ ለቼናዪን ፈረመ፤ ቼናዪንም የዚያ ዓመት ሻምፒዮን ሆነ።

ሁለተኛውን የአጥቂ ታሪክ ላሹክላችሁ። ሳላዲን ሰኢድ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ወጥቶ የግብፁን ዋዲ ደግላ ተቀላቀለ። ከዚያም ቤልጅየም፣ ሊርስ ታየ። "ከካይሮ ቤልጅየም! እንዴት አገኙት?" ተባለ። ፍለጋም አላስፈለገም። ያን ጊዜ የሁለቱም ክለቦች ባለቤት አንድ ግብፃዊ ነጋዴ ነበር፤ ማጌድ ሳሚ። ሳላዲን ጎበዝ ስለነበረ ተመረጠ፤ መንገዱን የከፈተው ግን የባለቤትነት ወረቀት ነው። በኋላም አል አህሊንና የአልጄሪያውን ኤምሲ አልጀርን አይቷል። ስለዚህ ልጃችሁን የውጭ ክለብ ሲፈልገው መጀመሪያ "ባለቤቱ ማነው? ሌላስ ምን ክለብ አለው?" በሉ።

አሁን ወደ ውሉ እንግባ። ተጫዋቹ ዓይኑን የሚጥለው ደመወዙ ላይ ነው፤ እኔ ከኋላ ነው የምጀምረው። አቡበከር ናስርን አስታውሱ። በ2013 ዓ.ም. በአገራችን ፕሪሚየር ሊግ 29 ጎል አስቆጥሮ የጌታነህ ከበደን የ25 ጎል ክብረ ወሰን ሰበረ። ከዚያ የደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ገባ፤ ጉዳት ግን ለረጅም ጊዜ ከሜዳ አራቀው። ጉዳት ለማንም አጥቂ አይራራም። ስለዚህ ከደመወዙ በፊት "ቢጎዳ ማን ያሳክመዋል?" የሚለውን አንቀጽ ፈልጉ።

"የጤና ምርመራውን ካላለፈ ውሉ ፈራሽ ነው" የሚል መስመር ካያችሁ ደግሞ ጣታችሁን አስቀምጡበት። የፊፋ ደንብ ይህን አይቀበልም። ምርመራው ከፊርማው በፊት ማለቅ አለበት፤ የሥራ ፈቃድ አልተገኘም ብሎ ውል ማፍረስም አይቻልም። ሌላም ልጨምርላችሁ። ክለቡ የሁለት ወር ደመወዝ ካስቀረ፣ ተጫዋቹ በጽሑፍ የ15 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ካልተከፈለው ውሉን ማቋረጥ ይችላል። ይህን ሳያውቅ ባዕድ አገር ኪሱ ባዶ ሆኖ የሚቀመጥ ስንት ልጅ አለ መሰላችሁ!

ይህቺን ለእናቶች ነው የምነግረው፤ በጆሯችሁ። የ16 ዓመት ልጃችሁን "ውጭ አስፈርመዋለሁ፣ ለቪዛ ብር አምጡ" የሚል ሰው ቢመጣ ቡናውን አጠጡና ሸኙት። ከጥቂት የተለዩ ሁኔታዎች በቀር ፊፋ 18 ዓመት ያልሞላውን ልጅ ከአገር አገር ማዛወር ይከለክላል።

እሺ፣ ወደ ዋናው ምስጢር።

አንድ ተጫዋች ውሉ ሳያልቅ በገንዘብ ወደ ሌላ አገር ክለብ ሲሸጥ፣ ከዝውውሩ ገንዘብ 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። የሶሊዳሪቲ ክፍያ ይሉታል። ከ12 እስከ 15 ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት ከጠቅላላው ገንዘብ 0.25 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ 0.5 በመቶ ይደርሳል። በጣታችሁ ቁጠሩልኝ። ልጁ በ1 ሚሊዮን ዶላር ቢሸጥ፣ እነዚያን የመጀመሪያ አራት ዓመታት ያሠለጠነው ክለብ 10 ሺህ ዶላር ያገኛል። በዚህ ገንዘብ ስንት ኳስ፣ ስንት ታኬታ ይገዛል!

ታዲያ ለምን አይደርሰንም? ፋይሎቹን ስከፍት ያየሁት ይህንኑ ነው። ልጁ ከሚሴ ሜዳ ላይ በባዶ እግሩ ያደገ ነው። የፕሮጀክት አሠልጣኙ በራሱ ኪስ ውኃ እየገዛ አጠጥቶታል። በ17 ዓመቱ ደሴ ወይም አዲስ አበባ ይሄዳል፤ የተጫዋችነት ታሪኩም እዚያ ከተመዘገበበት ቀን ይጀምራል። ከሚሴ በፋይሉ ውስጥ የለችም። ክፍያውን ከኅዳር 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሚያስተላልፈው የፊፋ ማዕከል የሚያየው በብሔራዊ ፌዴሬሽኑ መዝገብ ላይ ያለውን ነው። አሠልጣኙ በልቡ የያዘውን ማንም አያነብለትም። ውሎችን ሳገላብጥ የገባኝም ይኸው ነው፤ ጎል አጥቂን ያስወድደዋል፣ ድንበር የሚያሻግረውና የአገሩን ድርሻ የሚመልሰው ግን ወረቀት ነው።

የኦሮሞ ብሔረሰብ ልዩ ዞን ሰዎች፣ በከሚሴም በባቲም፣ በደዋ ጨፋም በጅሌ ጥሙጋም ልጆች የምታሠለጥኑ ሁሉ፣ አደራ! ፕሮጀክታችሁን በክለብነት በፌዴሬሽኑ አስመዝግቡ። የልጁን ስም፣ የልደት ቀኑን፣ የገባበትንና የወጣበትን ቀን ጻፉ፤ በመዝገብም አስገቡት። የዛሬዋ ገጽ ባዶ ከሆነች ነገ በኮልካታም በካይሮም ቢያገባ የሚሞላት የለም። ፊፋ መቁጠር የሚጀምረው ልጁ 12 ዓመት ከሚሞላበት ዓመት ነው።