የጠመንጃ ድምፅ መቀነሻ፦ ከመግዛት እስከ ማጽዳት

በአሜሪካ ‘ሳይለንሰር’ በመባል የሚታወቀውን የጠመንጃ ድምፅ መቀነሻ ለመግዛት ከአውሮፓውያኑ 1934 ጀምሮ ይከፈል የነበረው የ200 ዶላር ግብር በ2026 መግቢያ ቀርቷል። ምዝገባው ግን አልቀረም፤ በፌዴራል መንግሥቱ ያልተመዘገበ መቀነሻ መያዝ እስከ 10 ዓመት ያሳስራል። ዕቃውን ጨርሶ የሚከለክሉ ግዛቶችም አሉ።

ለአነስተኛው ነጥብ 22 ካሊበር ጠመንጃ መቀነሻ የሚመርጥ ሰው በቅድሚያ ማረጋገጥ ያለበት ዕቃው ተፈትቶ የሚጸዳ መሆኑን ነው። የዚህ ጥይት አረር አብዛኛውን ጊዜ ያልተሸፈነ ወይም በስሱ የተለበጠ እርሳስ በመሆኑ፣ በተተኮሰ ቁጥር የእርሳስ ብናኝና ጥላሸት በመቀነሻው ውስጥ ይጋገራል። ካልጸዳ ክብደቱ ይጨምራል፤ ክፍሎቹም ተጣብቀው አልፈታ ይላሉ። ከማይዝግ ብረት የተሠሩ ክፍሎች ፍተጋን ይቋቋማሉ፤ አሉሚኒየም ቀላል ቢሆንም ቶሎ ይጎዳል።

ዋናው ጥንቃቄ ግን ለጤና ነው። እርሳስ በተለይ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። ስለዚህ ጽዳቱ ከማዕድ ቤትና ከልጆች ርቆ፣ በጓንት፣ ብናኙን በማርጠብ ሊከናወን ይገባል፤ በመጨረሻም እጅን በሳሙና መታጠብ ያሻል። አንዳንዶች እንደሚያደርጉት በአቼቶና በሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ድብልቅ መዘፍዘፍ እርሳሱን በውሃ ወደሚሟሟ መርዝ ይለውጠዋል።