«ኔትወርክ የለም» ከማለታችን በፊት፦ ከሊብከርል ጋር ትውውቅ

ባሕር ዳር ላይ አንድ ገጽ አልከፈት፣ አንድ ፋይል አልወርድ ሲል የሚሰጠው ፍርድ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ «ኔትወርክ የለም»። ፖሊ ካምፓስ ላብራቶሪ ውስጥ የተቀመጠ ተማሪም ይህን ይላል፤ ጣና ዳር ባለ ሆቴል የክፍል ማስያዣ ሲስተም የሚከታተል ባለሙያም ይህንኑ ይላል። በዚህች አጭር ፍርድ ሥር ግን የተለያዩ ችግሮች ተደብቀዋል። የድረ ገጹን ስም ወደ አድራሻ የሚፈታው አገልግሎት ዘግይቶ ይሆናል። ከሰርቨሩ ጋር ግንኙነት መክፈቱ ጊዜ ፈጅቶ ይሆናል። ሰርቨሩ ራሱ መልስ ማዘጋጀት ከብዶት ወይም መስመሩ ጠቦ ሊሆንም ይችላል። የእያንዳንዱ መፍትሔ ለየቅል ነው። ችግሩ ስም መፍታት ላይ የሆነበት ሰው ተጨማሪ ፓኬጅ ቢገዛ ገንዘቡን ያወጣል እንጂ ፍጥነት አያገኝም።

ችግሩ የቱ እንደሆነ በቁጥር የሚናገር መሣሪያ ግን አለ። ሊብከርል በሚባለው የፕሮግራመሮች ላይብረሪ ውስጥ «ከርል ኢዚ ጌትኢንፎ» የተባለ ፋንክሽን ተቀምጧል። ሥራው አንድ ዝውውር ካበቃ በኋላ ስለዚያ ዝውውር የሚጠየቀውን መመለስ ነው፤ ስንት ባይት ወረደ፣ ከየትኛው አድራሻ መጣ፣ ሰርቨሩ ምን ብሎ መለሰ፣ እያንዳንዱ ምዕራፍ ምን ያህል ጊዜ ወሰደ።

መጀመሪያ ስለ አመጣጡ ጥቂት እንበል። ሊብከርል የተነጠለበትን «ከርል» የተባለ ፕሮግራም የጀመረው ዳንኤል ስተንበርግ የተባለ ስዊድናዊ ፕሮግራመር ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 መጨረሻ ገደማ በቻት መድረክ ላይ ለሚያወሩ ሰዎች የምንዛሬ ተመን የሚያሰላ ትንሽ ፕሮግራም ሊሠራ ፈለገ። ተመኑን ከድረ ገጽ የሚያወርድለት ስላስፈለገው፣ ሌላ ሰው የጻፈውን «ኤችቲቲፒጌት» የሚባል አጭር ፕሮግራም ወስዶ ያሻሽለው ጀመር። ስሙ ሲቀያየር ቆይቶ እ.ኤ.አ. ማርች 20 ቀን 1998 «ከርል» ተብሎ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2000 ደግሞ ውስጡ ያለው ሞተር ለብቻው ተነጥሎ፣ ማንኛውም ፕሮግራም ሊጠራው የሚችል ላይብረሪ ሆነ፤ ሊብከርል ይህ ነው። ስተንበርግ ለዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2017 በአገሩ በምህንድስና የሚሰጠውን የፖልሄም ሽልማት ተቀብሏል። ዛሬ ሊብከርል በስልክ፣ በመኪና፣ በቴሌቪዥንና በሰርቨር ውስጥ ይሠራል። ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው፤ ክፍያም የለውም።

አሠራሩ ቀላል ነው። ፕሮግራመሩ መጀመሪያ «ሃንድል» የሚባለውን ይከፍታል። ሃንድሉ የአንድን ዝውውር ጉዳይ ሁሉ የሚይዝ መዝገብ ነው። የሚፈለገው ሊንክ፣ የሚጠበቀው የጊዜ ገደብ፣ የሚወርደው ነገር የሚቀመጥበት ቦታ እዚያ ይነገረዋል። ከዚያ «ከርል ኢዚ ፐርፎርም» ይጠራል፤ ዝውውሩም ይካሄዳል። ብዙ ጀማሪዎች ሥራው ያበቃ የሚመስላቸው እዚህ ላይ ነው። ፋንክሽኑ 0 ከመለሰ «ተሳክቷል» ብለው ሃንድሉን ይዘጉታል። ሃንድሉ ግን በጉዞው ያየውን ሁሉ ይዞ ቆሟል፤ የሚጠይቀው ሰው ብቻ ነው የጠፋው። ጌትኢንፎ የሚጠራው በዚህ መካከል፣ ዝውውሩ ካለቀ በኋላና ሃንድሉ ከመዘጋቱ በፊት ነው።

ከሚሰጣቸው መልሶች ሁሉ ለእኛ አገር ተጠቃሚ ዋነኞቹ የጊዜ ቁጥሮች ናቸው። ዋና ዋናዎቹ አምስት ናቸው፦ ስሙ እስኪፈታ፣ ግንኙነቱ እስኪከፈት፣ የምስጢር ቁልፍ ልውውጡ እስኪያልቅ፣ የመጀመሪያው ባይት እስኪደርስና ሁሉም እስኪያበቃ የፈጀው ጊዜ። እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያሳስት ነገር አለ። ቁጥሮቹ ሁሉም የሚቆጠሩት ከመነሻው ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የተነሣ አውቶቡስ ደጀን፣ ቀጥሎም ደብረ ማርቆስ የደረሰበት ሰዓት ቢመዘገብ፣ ከደጀን እስከ ማርቆስ የፈጀውን ለማወቅ ከኋለኛው ፊተኛውን መቀነስ ግድ ነው። የሊብከርል ቁጥሮችም እንደዚሁ ናቸው፤ የአንዱን ምዕራፍ ርዝመት የሚሰጠን የሁለቱ ልዩነት ነው።

ሦስት ምሳሌዎችን እንይ፤ ቁጥሮቹ ለማስረዳት የቀረቡ ናቸው እንጂ የተለኩ አይደሉም። በመጀመሪያው ስሙ እስኪፈታ 4.0 ሰከንድ፣ ግንኙነቱ እስኪከፈት 4.2፣ ቁልፉ እስኪያልቅ 4.5፣ የመጀመሪያው ባይት እስኪደርስ 4.7፣ በጠቅላላ 5.0 ሰከንድ ሆነ እንበል። ከአምስቱ ሰከንድ አራቱን የበላው ስም መፍታት ነው፤ መስመሩ ደህና ነው። መታየት ያለበት ኮምፒዩተሩ ወይም ራውተሩ የሚጠይቀው የስም ሰርቨር ነው። በሁለተኛው ስሙ በ0.03፣ ግንኙነቱ በ0.2፣ ቁልፉ በ0.45 አለቀ፤ የመጀመሪያው ባይት ግን 6.1 ላይ ደረሰ፤ ጠቅላላው 6.3 ነው። እዚህ ቁልፉ ካለቀ በኋላ 5.65 ሰከንድ ያስጠበቀን ሰርቨሩ ነው። ጥያቄው ከባድ ይሆናል፤ ወይም ዳታቤዙ ተጨናንቋል። ይህን ጉዳይ የቴሌኮም ደንበኞች አገልግሎት ጋ ደውሎ ማስረዳት ጉንጭ ማልፋት ነው፤ የሚመለከተው የድረ ገጹን ባለቤት ነው። በሦስተኛው የመጀመሪያው ባይት በ0.65 ሰከንድ ደርሶ ጠቅላላው 92 ሰከንድ ሆነ። ይህኛው የመስመር ስፋት ጉዳይ ነው፤ «ኔትወርኩ ቀርፋፋ ነው» ማለት በትክክል የሚሠራው ለዚህ ብቻ ነው።

የመስመሩ ርዝመት ራሱ የሚያስከፍለውም አለ። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከባሕር ዳር እስከ ፍራንክፈርት በቀጥታ 5,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ደርሶ መልሱ ከ50 ሚሊሰከንድ ሊያንስ አይችልም። ኢትዮጵያ የባሕር በር ስለሌላት ደግሞ መስመሩ በጎረቤት አገሮች በኩል ዞሮ ከባሕር ሥር ኬብሎች ጋር ይገናኛል፤ ስለዚህ እውነተኛው ጉዞ ከዚህ ይረዝማል። ግንኙነት ለመክፈት አንድ ደርሶ መልስ፣ ለቁልፍ ልውውጡ እንደ ስሪቱ አንድ ወይም ሁለት፣ ለጥያቄውና ለመልሱ ሌላ አንድ ያስፈልጋል። ለሚላን ወይም ለፍራንክፈርት ነዋሪ የማይሰማው ይህ ምልልስ ለባሕር ዳር ተጠቃሚ በእያንዳንዱ ጥያቄ ላይ ይደመራል። መላው ያው ሃንድል እንዳይዘጋ ማድረግና ለሚቀጥለው ጥያቄም እሱኑ መጠቀም ነው፤ ያኔ ሊብከርል የተከፈተውን ግንኙነት መልሶ ይሠራበታል። ይህ መሆኑንም ጌትኢንፎ ራሱ ያረጋግጣል፤ ስንት አዲስ ግንኙነት እንደተከፈተ ሲጠየቅ 0 ብሎ ከመለሰ፣ አሮጌው መስመር አገልግሏል ማለት ነው።

አሁን ጉዳዩን ወደ ሐይቁ እናምጣው። እምቦጭ የተባለው አረም በጣና ላይ መታየቱ በይፋ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ሲሆን፣ ክፉኛ የተስፋፋውም በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻው፣ በደንቢያና በፎገራ በኩል ነው። አረሙ የት እንዳለ ለመከታተል ከሚጠቅሙት ምንጮች አንዱ የአውሮፓው ሴንቲኔል 2 ሳተላይት ምስል ነው። ምስሉ በነጻ ይሰጣል፤ አንድ ነጥቡ የምድርን 10 ሜትር ያሳያል፤ ሁለቱ ሳተላይቶች ተጋግዘው በየ5 ቀኑ አንድን ቦታ ያነሡታል። የእያንዳንዱ ጥቅል ክብደት ግን በመቶዎች ሜጋባይት ይቆጠራል። ይህን ባሕር ዳር ሆኖ ለሚያወርድ ተመራማሪ «ፋይሉ ወርዷል» የሚለው ቃል ብቻውን አይበቃም። ሊጠይቃቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያው የመልስ ኮድ ነው። ሰርቨሩ 404 ብሎ «የጠየቅከው የለም» ቢል እንኳ፣ ፕሮግራመሩ ሌላ ትእዛዝ ካልሰጠ በቀር ሊብከርል ዝውውሩን እንደ ስኬት ይቆጥረዋል። በእሱ በኩል ትክክል ነው፤ ሰርቨሩ መልስ ሰጥቷል፣ መልሱም ደርሷል። የተመራማሪው ፕሮግራም ግን የስሕተት ገጹን የሳተላይት ምስል ነው ብሎ ያስቀምጠዋል። ሁለተኛው የይዘቱ ዓይነትና የመጨረሻው ሊንክ ነው። የመግቢያ ፈቃዱ ጊዜው ያለፈበት ከሆነ ሰርቨሩ ጥያቄውን ወደ መግቢያ ገጽ ይመራዋል፤ ሊብከርል ምሪቱን እንዲከተል ከታዘዘ ኮዱ የስኬት ምልክት የሆነው 200 ይሆናል፣ ሁሉም ነገር ሰላም ይመስላል። የይዘቱ ዓይነት «ቴክስት ኤችቲኤምኤል» ሆኖ ሲገኝና የመጨረሻው ሊንክ ከተጠየቀው ሲለይ ነው ነገሩ የሚታወቀው። በካምፓስና በሆቴል ዋይፋይ ላይም የመግቢያ ገጹ በተመሳሳይ መንገድ በፋይሉ ቦታ ሊቀመጥ ይችላል።

ሦስተኛው መጠኑ ነው። ሰርቨሩ አስቀድሞ የተናገረው የፋይል መጠንና በእርግጥ የወረደው መመሳከር አለባቸው። ሰርቨሩ መጠኑን ካልተናገረ ጌትኢንፎ አሉታዊ 1 ይመልሳል፤ ይህን እንደ ቁጥር ወስዶ ማስላት ስሕተት ነው፤ ትርጉሙ «አይታወቅም» ነው። ተናግሮ ሳለ ግንኙነቱ መሐል ላይ ከተበጠሰ ደግሞ ፐርፎርም ራሱ 18 የሚል የስሕተት ቁጥር ይመልሳል፤ ፋይሉ ጎዶሎ ነው ማለቱ ነው። ያኔ እስከዚያ የወረደውን ጥሎ እንደገና ከመጀመር ይልቅ፣ ሰርቨሩ ከፈቀደ ከቆመበት መቀጠል ይቻላል። የፓኬጅ ዋጋ ለሚቆጥር ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የስሕተት ቁጥሮቹም ቢሆኑ «ኔትወርክ የለም» ከሚለው ይሻላሉ። 6 ስሙ አልተፈታም ማለት ነው፤ 7 ሰርቨሩ ጋ መገናኘት አልተቻለም፤ 28 የተሰጠው ጊዜ አለቀ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ መቆየቱ ይታወሳል። እንዲህ ያለው ሙሉ መቋረጥና የአንድ ሰርቨር መውደቅ ለተጠቃሚው ዓይን አንድ ሊመስሉ ይችላሉ። የስሕተቱ ቁጥር ከሰዓቱ ጋር እየተመዘገበ ከተቀመጠ ግን ልዩነታቸው ይወጣል፤ ሁሉም ሊንኮች በአንድ ጊዜ ሲወድቁ መስመሩ ነው፣ አንዱ ብቻ ሲወድቅ ሰርቨሩ ነው።

በሲ ቋንቋ ለሚጽፉ ሁለት ማስጠንቀቂያዎች አሉ። ጌትኢንፎ መልሱን የሚያስቀምጠው ፕሮግራመሩ በሰጠው የሜሞሪ አድራሻ ላይ ስለሆነ፣ የተለዋዋጩ ዓይነት ከጥያቄው ጋር በትክክል መግጠም አለበት። የመልስ ኮዱ «ሎንግ» ይፈልጋል፤ በቦታው «ኢንት» ቢሰጠው የጎረቤቱን ሜሞሪ ሊያበላሽ ይችላል፤ ስሕተቱም ሌላ ቦታ ላይ ስለሚታይ ለማግኘት ያደክማል። ሁለተኛው፣ እንደ ሊንክና የይዘት ዓይነት ያሉ ጽሑፎች የሃንድሉ ንብረት ናቸው። ፕሮግራመሩ ነጻ ሊያደርጋቸው አይገባም፤ ሃንድሉ ከተዘጋም በኋላ ሊያነባቸው አይችልም። የሚያስፈልጉት ከሆነ አስቀድሞ መገልበጥ አለበት። በፒኤችፒ ለሚሠሩ ነገሩ ይቀላል፤ «ከርል ጌትኢንፎ» ያለ ተጨማሪ ጥያቄ ሲጠራ መልሶቹን በአንድ ዝርዝር አድርጎ ይሰጣል። በፓይተን ደግሞ «ፓይከርል» አለ።

ፕሮግራም የማይጽፍ ሰውም ከዚህ አልተገለለም። ከርል እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ከዊንዶውስ 10 ጋር አብሮ ይመጣል፤ በማክና በአብዛኞቹ ሊኑክስ ላይም አለ። የትእዛዝ መስኮት ከፍቶ «ራይት አውት» የሚባለውን ምርጫ በመጠቀም እነዚህኑ አምስት የጊዜ ቁጥሮች ማየት ይቻላል፤ ምንም ነገር መጫን አያስፈልግም።

ባሕር ዳር እ.ኤ.አ. በ1963 ከተከፈተው ፖሊ ቴክኒክ ጀምሮ የቴክኒክ ሙያ የሚማሩባት ከተማ ናት። እዚህ የሚጻፉ ፕሮግራሞች የሚሠሩት ደግሞ አንዴ በሚፈጥን፣ አንዴ በሚቆራረጥ መስመር ላይ ነው። ስለዚህ መምህራን ጌትኢንፎን ከፐርፎርም ነጥለው ባያስተምሩ፣ ተማሪዎችም የሚሠሩት ሲስተም ከእያንዳንዱ ዝውውር በኋላ የመልስ ኮዱን፣ መጠኑንና አምስቱን የጊዜ ቁጥሮች በሎግ ፋይል እንዲመዘግብ ቢያደርጉ ይበጃል። የተጨመረው ኮድ ጥቂት መስመር ነው። አቤቱታ ሲቀርብም «ኔትወርክ የለም» ከማለት «በዚህ ሰዓት ስም ለመፍታት አራት ሰከንድ ፈጅቷል» ማለት የሚመለከተውን አካል ያሳውቃል፤ ሰሚውም የት መመልከት እንዳለበት ያውቃል።