ካልሲ በሁለት መርፌ

በእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ የሹራብ መርፌ ሲነሣ አንድ አስተያየት ደጋግሞ ይሰማል። «ካልሲ በአራት ወይም በአምስት መርፌ ዙሪያውን ካልተሠራ ካልሲ አይባልም፤ በሁለት መርፌ ጠፍጣፋ ተሠርቶ የሚሰፋው የጀማሪ መለማመጃ ነው» ይባላል። እኛ በዚህ አስተያየት አንስማማም። በሁለት መርፌ የሚሠራው ካልሲ ለመምህሩም ለተማሪውም የሚመረጥበት በቂ ምክንያት አለ። ድክመቱ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ስፌቱ ነው። ስፌቱ የት ላይ እንደሚውልና እንዴት እንደሚሰፋ ያወቀ ሰው ድክመቱን አሸነፈው ማለት ነው። ይህንኑ ደረጃ በደረጃ እንመልከት።

ለምን ካልሲ?

የእጅ ሥራ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ዳንቴል ነው። ዳንቴል ያምራል፣ ጠረጴዛና ወንበር ያለብሳል። በደጋ አገር በጠዋት ብርድ ትምህርት ቤት ለሚመጣ ልጅ ግን እግሩን የሚያሞቅለት ካልሲ ነው። የጤናም ነገር አለበት። በልማድ ዝሆኔ ከምንለው የእግር እብጠት አንዱ ዓይነት፣ በሕክምና ስሙ ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለው፣ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘ ቀይ አፈር ላይ ለብዙ ዓመት በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣ ነው። በአገራችን ደጋማ አካባቢዎችም በሽታው አለ። መከላከያው እግርን በየዕለቱ በውሃና በሳሙና መታጠብ፣ ጫማና ካልሲም ማድረግ ነው። ካልሲ ብቻውን ይበቃል አንልም፤ ጫማ ይቅደም። ግን ጫማው እግሩን እየላጠው ልጁ አውልቆ በእጁ አንጠልጥሎት ከሄደ ጫማው ምን ሠራ? ጫማን የሚያስለምድ ካልሲ ነው።

ጠፍጣፋ ካልሲ አዲስ ነገር አይደለም

በእንግሊዝ አገር ዊሊያም ሊ የተባለ ሰው በ1589 እ.ኤ.አ. የካልሲ መሥሪያ መሣሪያ ሠራ። ያ መሣሪያ ዙሪያውን መሥራት አይችልም ነበር። ጠፍጣፋውን ሥራ እያሰፋና እያጠበበ በእግር ቅርጽ ካወጣው በኋላ ጠርዝና ጠርዙ በእጅ ይሰፋ ነበር። በድሮ ፎቶግራፍና ፊልም ላይ በሴቶች ስቶኪንግ ጀርባ ላይ ቀጥ ብሎ የሚታየው መሥመርም መነሻው ጌጥ ሳይሆን ይኸው ስፌት ነው። እንግዲህ ጠፍጣፋ ተሠርቶ የተሰፋ ካልሲ ለብዙ መቶ ዓመት የሰው እግር ሲያለብስ ኖሯል።

ስለ ስሙም አንድ ነገር እንበል። ካልሲ የሚለው ቃል ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። ጣሊያኖች «ካልሲ መሥራት» ሲሉ በመርፌ ሹራብ መሥራት ማለታቸው ነው። በግብፅ ደግሞ ካልሲውን ራሱን ሹራብ ይሉታል። ካልሲና ሹራብ የቆየ ዝምድና አላቸው ማለት ነው።

ለክፍል የሚበጀው ለምንድን ነው?

አንደኛ፣ ቁጥሩን እንመልከት። 60 ተማሪ ባለበት ክፍል በአምስት መርፌ እንሥራ ብንል 300 መርፌ ያስፈልገናል። በሁለት መርፌ ከሆነ 120 ይበቃል። ያም ባይገኝ ቀርከሃ ተሰንጥቆ፣ በጠርሙስ ስባሪ ተፍቆና ለስልሶ፣ ጫፉ ሾል ተደርጎ ጥሩ መርፌ ይወጣዋል። ፍቂያውን መምህሩ ወይም ትልልቆቹ ልጆች ቢይዙት ይሻላል።

ሁለተኛ፣ ዙሪያውን ሲሠራ አምስት መርፌ በአንዲት ትንሽ እጅ ውስጥ ይተራመሳል፤ አንዱ ሾልኮ ከወደቀ ሥራው ይፈታል። በሁለት መርፌ ግን ሥራው እንደ መጽሐፍ ገጽ ተዘርግቶ ይታያል። መምህሩ በወንበሮቹ መካከል ሲያልፍ የማን ሥራ የት ላይ እንደተሳሳተ ቆም ብሎ ሳይጠይቅ ያየዋል።

ሦስተኛ፣ ጣቱ ሲበሳ ካልሲው አይጣልም። ስፌቱ ተፈትቶ፣ ሥራው እስከ ደህናው ድረስ ተተርትሮ እንደገና ይሠራል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው ሁለት መርፌዎች፣ መካከለኛ ውፍረት ያለው የሹራብ ክር (ለአንድ ጥንድ የአዋቂ ካልሲ 100 ግራም ያህል)፣ ሰፊ ቀዳዳ ያለው የስፌት መርፌ፣ መቀስና ሜትር ናቸው። በእንዝርት የተፈተለ የበግ ጠጉርም ያገለግላል፤ ጠበቅ ብሎ የተፈተለው ቶሎ አያልቅም። ለተረከዝና ለጣት ከክሩ ጋር ቀጭን የናይሎን ክር ደርቦ መሥራት ዕድሜውን ያረዝመዋል።

በመርፌው ላይ የሚቀመጠውን እያንዳንዱን የክር ቀለበት «ዓይን» እንለዋለን። ክሩን ከሥራው በስተጀርባ አድርገን መርፌውን ከፊት ወደ ኋላ በማስገባት የምንሠራውን «ቀጥታ»፣ ክሩን ወደ ፊት አምጥተን መርፌውን ከኋላ ወደ ፊት በማስገባት የምንሠራውን «ግልባጭ» እንበለው። አንዱን ረድፍ ቀጥታ፣ መልሱን ግልባጭ ስንሠራ በአንድ በኩል ልሙጥ፣ በሌላው በኩል ሻካራ ሆኖ ይወጣል።

ከመጀመር በፊት ሒሳብ

ብዙ ሰው የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው። በክሩና በመርፌው መጀመሪያ አንድ ትንሽ አራት ማዕዘን እንሥራና በ10 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ስንት ዓይን እንዳለ እንቁጠር። 22 ሆነ እንበል። ቀጥሎ የእግሩን ሰፊ ቦታ ዙሪያ እንለካ፤ 24 ሳ.ሜ. ከሆነ አንድ አሥረኛውን እንቀንስ። ምክንያቱም ካልሲ ተለጥጦ ነው እግር የሚይዘው፤ በልኩ ከተሠራ ይንሸራተታል። 24 ሲቀነስ 2.4 21.6 ይሆናል። 21.6 በ2.2 ሲባዛ 47.5 ነው፤ ወደ 48 እናጠጋዋለን። ለስፌት ከግራና ከቀኝ አንድ አንድ ዓይን ሲጨመር 50 ይሆናል። ዙሪያው 18 ሳ.ሜ. ለሆነ የልጅ እግር በዚሁ ስሌት 36 ሲደመር 2፣ ማለትም 38 ይመጣል። አያችሁ፣ የእጅ ሥራው ክፍለ ጊዜ የአሥርዮሽና የመቶኛ ልምምድም ሆነ።

አሠራሩ

ሀ) አፉ፦ ሁለቱን መርፌዎች አንድ ላይ ይዘን 50 ዓይን እናስጀምር፤ ከዚያ አንዱን መርፌ እንምዘዝ። እንዲህ ሲደረግ አፉ ላላ ብሎ ተረከዝን ያሳልፋል። የዳር የዳሩን አንድ አንድ ዓይን ትተን በመካከል 2 ቀጥታ፣ 2 ግልባጭ እያደረግን 5 ሳ.ሜ. እንሥራ። መልሱ ላይ ቀጥታው በግልባጭ፣ ግልባጩ በቀጥታ ይሠራል። ይህ እንደ ላስቲክ የሚሳበው ክፍል ነው።

ለ) ቅልጥሙ፦ በልሙጥ አሠራር 12 ሳ.ሜ. ያህል እንቀጥል።

ሐ) ተረከዙ፦ አሁን የምንሠራው በ25 ዓይን ብቻ ነው፤ የቀሩት 25 ሳይነኩ በመርፌው ላይ ይጠብቃሉ። ልሙጡን ፊት ይዘን 24 ዓይን እንሥራ፤ 25ኛውን ትተን እንመለስ። በመልሱ የመጀመሪያውን ዓይን ሳንሠራ አሳልፈን፣ መጨረሻ ላይ አንድ ዓይን ሲቀረን እንደገና እንመለስ። በየረድፉ ካለፈው መመለሻ አንድ ዓይን ቀደም እያልን ስንመለስ በመካከል 9 ዓይን፣ በግራ 8፣ በቀኝ 8 የተተዉ ይሆናሉ። ከዚህ በኋላ በተቃራኒው በየረድፉ ከተተዉት አንድ አንድ እየጨመርን 25ቱን በሙሉ እንመልስ። ስንጨምር በመመለሻው ላይ ያለውን አግድም ክር አንሥተን ከሚቀጥለው ዓይን ጋር አንድ ላይ ብንሠራው ቀዳዳ አይቀርም። ይኸው ሥራው እንደ ጽዋ ጎድጎድ ብሎ ተረከዝ ሆነ።

መ) እግሩ፦ ወደ 50ው ተመልሰን፣ ከተረከዙ ጫፍ ጀምሮ ሲለካ ከእግሩ ርዝመት 5 ሳ.ሜ. እስኪቀር በልሙጥ እንቀጥል።

ሠ) ጣቱ፦ 50ውን በሐሳብ ለሁለት እንክፈል። በእያንዳንዱ ግማሽ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ የዳሩን ዓይን እየተውን ሁለት ዓይን አንድ ላይ እንሥራ፤ በአንድ ረድፍ 4 ዓይን ይቀነሳል። መልሱን ሳንቀንስ እንሥራ። ስምንት ጊዜ ከቀነስን 18 ዓይን ይቀራል። እሱን ዘግተን 9ኙን ከ9ኙ ጋር እናጋጥማለን።

አንድ ነገር እንዳይረሳ። ሁለተኛውን ካልሲ ስንሠራ ተረከዙን ከሻካራው ፊት፣ በግልባጭ ረድፍ እንጀምር። እንዲህ ከሆነ አንዱ የግራ፣ አንዱ የቀኝ ሆኖ የሁለቱም ስፌት በውጭ ጎን ይውላል። ይህን ካላደረግን ጥንድ ሳይሆን ሁለት የአንድ እግር ካልሲ ይኖረናል።

ዋናው ነገር፦ ስፌቱ

ስፌት ውስጥ እግር ላይ ከዋለ የሰውነት ክብደት ይጫነዋል፤ ተረከዝ ላይ ከዋለ ጫማ ይፈትገዋል። በሁለቱም ቦታ እግር ይቆስላል። ከላይ ባየነው አሠራር ስፌቱ ከጣት እስከ አፍ በጎን በኩል ብቻ ስለሚሄድ ክብደቱ በቀጥታ አያርፍበትም።

አሰፋፉም ራሱን የቻለ ነገር ነው። ጠርዞቹን ደራርቦ እንደ ሱሪ መስፋት ውስጡን ገመድ ያስመስለዋል፤ ካልሲ የሚነቀፈው በዚህ የተነሣ ነው። ትክክለኛው መንገድ ሁለቱን ጠርዞች ልሙጡን ፊት ወደ ላይ አድርጎ ጎን ለጎን ማስተኛት፣ በስፌት መርፌው ከአንዱ ጠርዝ አንድ አግድም ክር፣ ከሌላው ጠርዝ ትይዩውን አግድም ክር እያነሡ እንደ መሰላል መውጣት ነው። በየጥቂቱ ክሩን ሳብ፣ ከዚያ ስፌቱን ለጠጥ እናድርገው፤ አለበለዚያ ካልሲው ሲጠለቅ ክሩ ይበጠሳል። ጫፉን መቋጠር ክልክል ነው፤ ቋጠሮ በጫማ ውስጥ ጠጠር ነው። ጫፉ በስፌቱ መካከል ተሹለክልኮ ይቆረጥ። በመጨረሻም እርጥብ ጨርቅ አልብሰን ለዘብ ባለ ካውያ ስፌቱን እንጫነው። ከዚያ እጃችሁን አስገብታችሁ ዳስሱት። እጅ ካልጎረበጠው እግርም አይጎረብጠውም።

ወንዶቹስ?

«ሹራብ የሴት ሥራ ነው» የሚሉ ሠልጣኞች አይጠፉም። ታዲያ ሸማኔው ማን ነው? በአገራችን በልማድ ፈትሉ የእናቶች፣ ሽመናው የአባቶች ሥራ ሆኖ ኖሯል፤ የክር ሥራ ለወንድ እጅ ባዳ አይደለም። ዊሊያም ሊም ወንድ ነበር። በየክፍሉ ወንድና ሴት ተማሪዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው ቢሠሩ ሁለቱም የሚለብሱትን ያገኛሉ።

ስለዚህ ጓደኞቻችን፣ ወደ ማስተማር ልምምድ ከመውጣታችሁ በፊት ቢያንስ አንድ ጥንድ ሠርታችሁ ቀኑን ሙሉ አድርጋችሁት ዋሉ። መምህር ራሱ ያልለበሰውን ካልሲ ጥሩ ነው ብሎ ቢያስተምር ማን ያምነዋል? «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» እንዲሉ፣ ሁለቱ መርፌዎች በእጃችን ስላሉ አንናቃቸው። አምስተኛው መርፌ እስኪመጣ የሚጠብቅ ክፍል ክረምቱን በባዶ እግሩ ያልፋል።